ስም የሌለው ጠርሙስ

ዌስትቢ፣ ዊስኮንሲን
ኖቬምበር 9 ቀን 1998

ለማከብርሽ ዘመዴ ለጉንቮር ብሬከ፣

ይህ ደብዳቤ ባሕሩንም በረዶውንም ዘልቆ ሲደርስሽ በጤናሽና በሙቅ ቤትሽ ያግኝሽ። ባለፈው ጁላይ ቤቴ ስትመጪ፣ «አንቱታውን ተወው፤ አያቶቻችን የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ያንተ አያት መርከብ ስለተሳፈረ ባዳ አልሆንንም» ስላልሽኝ፣ በአንቺ እቀጥላለሁ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ሠላሳ አንድ ዓመት የወተት መኪና የነዳሁበትን ታስታውሰኛለች፤ ሌላው አካላቴ ዝም ብሏል።

ጎረቤቶቼ አሁንም «ያቺ ከኖርዌይ የመጣችው ሴትዮ መቼ ነው የምትመለሰው?» ይሉኛል። አምስት ሳምንት ብቻ ከርመሽ መንደሩን ሁሉ ወስደሽብኝ ሄድሽ።

አሁን ወሬዬን ልንገርሽ። አለፍኩ! አሥራ አንድ ዓመት በተከታታይ ስወድቅ የኖርኩት ሰውዬ አለፍኩ። የቤት ቢራ ጠማቂዎች ማጣሪያው ባለፈው ቅዳሜ ላክሮስ ከተማ ተካሄደ። መቼም እንዳየሽው እዚህ የኛ ቢጤ ሰው የሚጠምቀው በጋራዡና በምድር ቤቱ ነው፤ መሸጥም አይፈቀድለትም። ስለዚህ የምንጋደለው ለክብር ብቻ ነው፤ ለክብር ሲባል ደግሞ ሰው እንዴት እንደሚጋደል ብታዪ! ሦስት ጠርሙስ ታስገቢያለሽ። ጠርሙሱ ላይ ምንም ጽሑፍ አይኖርም፤ ቆርኪው ምልክት ካለው በጥቁር ቀለም ይሸፈናል። ስምሽ ያለበት ወረቀት በላስቲክ ታስሮ ይመጣና በር ላይ ይፈታል፤ ከዚያ ወዲያ ጠርሙስሽ ቁጥር እንጂ ስም የለውም። ዳኞቹ ያሸታሉ፣ ወደ ብርሃን አንስተው ያያሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ከሃምሳ ይሰጣሉ። በየምድቡ አንደኛ የወጣ ብቻ በማርች ሚልዋኪ ለሚደረገው ሻምፒዮና ያልፋል። ሁለተኛ የወጣ ሪባኑን ይዞ ቤቱ ይገባል።

እኔ በገበሬ ቤት ቢራ ምድብ አርባ ሦስት ነጥብ አግኝቼ አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የወጣው ዱዌን ነው፤ ያ ሳቁ ከመኪና ጥሩምባ የሚበልጠው ጓደኛዬ። ሪባኑን ጆሮው ላይ አንጠልጥሎ መጣና፣ «ሌላንድ፣ ዛሬ ዳኞቹን ጉንፋን ይዟቸዋል እንዴ?» አለኝ። የማጣሪያው ኃላፊ ማርዴል ሹልትዝ ሳትቀር እጄን ጨበጠችኝ። እሷ ለማንም እጇን አትሰጥም።

ለሻምፒዮናው ግን አዲስ ተጠምቆ ነው የሚቀርበው። እስቲ እንዲያው ለማወቅ ያህል፤ አንቺ ስትጠምቂ የጥዱን ቅርንጫፍ ውኃው ውስጥ ስንት ሰዓት ነበር የምታቆዪው? ለማወቅ ያህል ነው።

የአባቶቻችን አምላክ ብርዱን ያቅልልሽ።
ሌላንድ


ብሬከ፣ ቮስ
ኖቬምበር 27 ቀን 1998

ለወንድሜ ለሌላንድ፣

ሰላም ላንተና ለቤትህ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። በጎቹ ገብተዋል፣ ድርቆሹ ሞልቷል፣ ጣሪያው አያፈስም። በሰባ ሁለት ዓመት ከዚህ በላይ የሚመኝ ሰው ሞኝ ነው።

እንኳን ደስ አለህ። ደብዳቤህን ለወንድሜ ለሹር አነበብኩለት። «ደም ነው! የብሬከ ደም የትም ቢሄድ ይጠምቃል» አለ። እሱ ዘንድ ሁሉ ነገር ደም ነው።

ጥዱ ውኃው ሳይፈላ ይገባል፤ ሽታው ግቢውን ሲሞላ ይወጣል። ሰዓት አልይዝም። አፍንጫህን እመን።

ያሸነፈው የትኛው ቢራህ ነው? ያ ያቀመስከኝ ቀዩ ነው ወይስ ስንዴ ያለበት? ዳኞቹስ ምን አሉ? ቁጥር ለእኔ ምንም አይነግረኝም። ቃላቸውን ላክልኝ።

እግዜር ይጠብቅህ።
ጉንቮር


ዌስትቢ
ዲሴምበር 14 ቀን 1998

ለማከብርሽ ለጉንቮር፣

የጌታ ልደት በሰላም ያድርስሽ፤ ለበጎችሽም ለሹርም ደህና በዓል ይሁን።

እዚህ ነገሩ ከእጄ ወጥቷል። የጋዜጣው ሰው መጥቶ ድስቱን አሳቅፎ ፎቶ አነሳኝ። የብረታ ብረት ሱቁ ባለቤት በር ላይ «የዌስትቢው ሌላንድ ወደ ሚልዋኪ!» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ቄሱ እንኳ እሁድ ዕለት ከስብከቱ በኋላ ስሜን ጠርቶ፣ ጌታም በቃና መጠጥ አሻሽሏል ብሎ ሰዉን አሳቀው። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ያሸነፈው ያው ጥድ ያለበት ነው። የዳኞቹን ወረቀት ስለጠየቅሽኝ ፎቶ ኮፒውን ልኬልሻለሁ። ለአዲሱ ሁለት ጊዜ ጠምቄ ሁለቱም እንደዚያኛው አልሆኑልኝም። ስለዚህ ጥቂት ልጠይቅሽ። ብቅሉን ስታጥቢ ውኃው ምን ያህል ይሞቅ ነበር? እርሾውን የምትጨምሪው በእጅሽ ለክተሽ ነው? ደግሞ እዚህ የጠመቅሽ ቀን፣ እኔ ቆርኪ ልገዛ ቪሮኳ ከተማ ሄጄ መኪናዬ ተበላሽታ ሳልመለስ የዘገየሁ ጊዜ፣ አንቺ ጋራዥ ውስጥ ምን ምን አደረግሽ? የሠራሽውን ሁሉ በቅደም ተከተል ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። ጠርሙሶቹ ሚልዋኪ መድረስ ያለባቸው እስከ ፌብሩዋሪ 26 ነው።

ምላሽሽን ቶሎ። በብዙ ሰላምታ፣
ሌላንድ


ዌስትቢ
ጃንዋሪ 17 ቀን 1999

ጉንቮር እህት ዓለም፣

አምስት ሳምንት ሆነ፤ ምንም አልጻፍሽም። ፖስታ አመላላሹ ከሩቅ ሲያየኝ ጭንቅላቱን መነቅነቅ ጀምሯል። ታመሽ ከሆነ እግዜር ያሽርሽ። ካልታመምሽ ደግሞ ለምን ዝም እንዳልሽ የማውቅ ይመስለኛል። በቀጥታ ልንገርሽ።

ያሸነፈው ቢራ ያንቺ ነው።

በማስገቢያው ቀን ጠዋት የራሴን ከፍቼ ብቀምሰው ኮምጣጤ ሆኗል። ሦስቱንም ጠርሙስ ከፈትኩ፤ ሦስቱም ኮምጣጤ። አሥራ አንድ ዓመት! ምድር ቤት ወርጄ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ መደርደሪያው ላይ አንቺ በጁላይ ከጠመቅሽው የተረፉ ስድስት ጠርሙሶች ነበሩ። ለገና ያቆየኋቸው ነበሩ። ለራሴ እንዲህ አልኩት፤ «ውኃው የኔ ነው፣ ብቅሉን የፈጨሁት እኔ ነኝ፣ ጋራዡ የኔ ነው፣ ቆርኪውን የመታሁት እኔ ነኝ።» ወረቀቱ ላይ «የጠማቂው ስም» የሚል አንድ መስመር አለ። ስሜን ጻፍኩበት። ሳላመነታ ነበር፤ አሁን ሳስበው የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

እንደማላሸንፍ እርግጠኛ ነበርኩ፤ መቼ አሸንፌ አውቃለሁና? ስሜ ሲጠራ ዱዌን አቀፈኝ። እሱ በሁለት ነጥብ አንሶ ነው ሁለተኛ የወጣው። እኔ ባልገባ ኖሮ ሚልዋኪ የሚሄደው እሱ ነበር። ስለዚህ የሰረቅሁት ካንቺ ብቻ አይደለም።

አራት ጊዜ ጠመቅሁ። አራተኛውን ለዱዌን አቀመስኩት። አጣጥሞ አጣጥሞ፣ «ጥሩ ነው፤ ያኛው ግን አይደለም። ያኔ ምን አድርገህ ነበር?» አለኝ።

ነገ ማርዴል ዘንድ ሄጄ እናገራለሁ። የፈለገ ይምጣ። ግን አስቀድሜ ላንቺ መናገር ያለብኝ መሰለኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ አፌ አይሞላም፤ ቢሆንም እጠይቅሻለሁ።

ሌላንድ


ብሬከ
ጃንዋሪ 19 ቀን 1999

ለሌላንድ፣

ሰላም ለቤትህ። በዲሴምበር የጻፍከው ደርሶኛል፤ ከዚያ ወዲህ ካንተ የደረሰኝ የለም። አልታመምኩም። ተቆጥቼ ነው።

የዳኞቹ ወረቀት እንደ ደብዳቤህ በኛ ቋንቋ ስላልሆነ የእህቴ ልጅ ተረጎመልኝ። «መጀመሪያ ጥድ ይመጣል፤ ቀጥሎ ጭስ የመሰለ ነገር፤ መጨረሻው የተቃጠለ ስኳር ሆኖ ምላስ ላይ ይቆያል። ይህን የጠመቀ ሰው እጅግ ትዕግሥተኛ መሆን አለበት» ይላል። ሰው ልጁን በድምፁ ያውቃል። እኔም ቢራዬን አወቅሁት። የጠየቅከኝ ጥያቄም ሁሉ ወደዚያች አንዲት ቀን የሚሄድ ነበር።

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት። ለምን ይህን ያህል እንደተቆጣሁ ግን አንተ ልታውቅ አትችልም፤ ስለዚህ ልንገርህ።

በኛ ሸለቆ ጠመቃ የወንድ ሥራ ነው። አባቴ ሹርን ሊያስተምረው ብዙ ለፋ፤ የሹር እጅ ግን ለጠመቃ አልተፈጠረም፤ የነካው ሁሉ ይበላሻል። እኔ ዳር ቆሜ እያየሁ ለመድኩት። በ1951 ሹር ሲያገባ አባቴ የጠመቃውን ቤት በር ዘጋና «አንቺ ጥመቂ፤ ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። መቶ ሃያ ሰው ጠጣ። «ሹር፣ እጅህ ይባረክ!» አሉት። ከዚያ በኋላ ለገናውም፣ ለክርስትናውም፣ ለቀብሩም እኔ ነኝ የጠመቅሁት፤ የተመሰገነው ሹር ነው። አባቴ ከሞተ በኋላም እንዲሁ ቀጠለ። ሹር ዋሽቶ አያውቅም። ዝም ብቻ ነው የሚለው። እኔም ዝም አልኩ። ነገር ሲቆይ ማን እንደጀመረው እንኳ ይጠፋል።

አንተ ቤት ስጠምቅ ግን በሩ ክፍት ነበር። ጎረቤቶችህ እየገቡ፣ «ጉንቮር ምን እየሠራሽ ነው?» ይሉኝ ነበር። በሕይወቴ በር ከፍቼ ስጠምቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እንግዲህ ያንን ነው በስምህ የጻፍከው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ የስድብ ደብዳቤ እየጻፍኩ እሳት ውስጥ ስጥል ከረምኩ። በመጨረሻ ግን ሳቄ መጣ። እኔም የደበቅሁህ ነገር አለኝ። ያን ቀን አንተ ቆርኪ ልትገዛ እንደሄድክ ጋራዡ ሞቃት ነበር፤ አንተ ደጅ ያስቀመጥካት ተጣጣፊ ወንበር ደግሞ ምቹ ናት። ትንሽ ልረፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ስነቃ ፀሐይ ዞራለች። አንድ ሰዓት መፍላት የነበረበት አራት ሰዓት ፈልቷል። ሠላሳው ሊትር አሥራ ስምንት ሆኗል፤ ሥሩ አሮ ጠቁሯል። አንተ እስክትመጣ ቀዝቅዞ ወደ በርሜሉ ተገለበጠ፤ ድስትህን በአሸዋ ፈገፈግሁት። «ምነው አነሰ?» ስትለኝ፣ «ለወሬኛ ጎረቤት ሁሉ አልጠምቅም» አልኩህ። አባቴ እሳት ላይ ያለን ድስት ትቶ የሚተኛ ሰው ከነነፍሱ የጠፋ ነው ይል ነበር። አፈርኩ። ዳኞችህ «ትዕግሥተኛ» ያሉት እንቅልፌን ነው።

ስለዚህ የጠየቅከኝ መልስ ይኸው፤ አራት ሰዓት አፍላው። ጊዜ አለህ፤ ጥመቅና ሂድ። ካሁን በኋላ የምትጠምቀው የራስህ ይሆናል። ያለፈውን ለማንም አልናገርም። ሃምሳ ዓመት ያህል ዝም ያልኩ ሴት አንድ ዓመት ብጨምር አይከብደኝም።

ጉንቮር


ዌስትቢ
ጃንዋሪ 30 ቀን 1999

ጉንቮር እህት ዓለም፣

ክብር ለእግዚአብሔር፣ ጻፍሽልኝ! ደብዳቤዎቻችን ባሕሩ ላይ ተላልፈዋል። የኔ አሁን ደርሶሽ ይሆናል፤ ካልደረሰም ማክሰኞ በስልክ የነገርኩሽ ይበቃል። ስልኩ ላይ ስንጯጯህ ግማሹን አልሰማሽም መሰለኝ፤ እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ልጻፍልሽ።

ያንቺ ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት፣ ሰኞ ጠዋት ማርዴል ቤት ሄድኩ። በረዶ እየዛቀች ነበር።

«ማርዴል፣ የምነግርሽ ነገር አለኝ።»

«ሁለተኛው አካፋ በሩ ሥር አለ። እየዛቅህ ንገረኝ።»

እየዛቅሁ ነገርኳት። ስጨርስ አካፋዋን በረዶው ላይ ተክላ ቆመች።

«ብቅሉን ማን ፈጨ?»

«እኔ።»

«ውኃውን ማን ቀዳ?»

«እኔ።»

«እሳቱን ማን ጠበቀ?»

«እሷ።» (ያኔ እንቅልፍሽን አላወቅሁም!)

«ማን ጠነሰሰው?»

«እሷ። ጭልፋውን እንኳ አላስነካችኝም።»

«እንግዲያው አንተ ተሸካሚ ነህ። ወረቀቱ የሚለው ግን ጠማቂ ነው፤ ተሸካሚ የሚል መስመር የለውም። ቢያንስ ሁለት ስም መጻፍ አልተከለከለም ነበር እኮ! ሁለት ሰው አብሮ ቢጠምቅ ሁለቱንም እንመዘግባለን። አልጠየቅከኝም።»

ይኼን ስትለኝ አካፋው ከእጄ ወደቀ። ሁለት ስም መጻፍ ይቻል ነበር! ጉንቮር፣ ሰው ሲሰርቅ ከፊቱ ያለውን ክፍት በር እንኳ አያይም።

ሐሙስ ዕለት ኮሚቴው ተሰበሰበ። አምስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው «ይሰረዝ፣ ሁለተኛው ይለፍ» አለ፤ ልክም ነበር። ማርዴል ግን፣ «ቢራው ምን አጠፋ? የተዋሸው በስሙ ነው። ስሙ ይስተካከል» አለች። ክርክሩ ሲከር ዱዌንን ጠሩት፤ ጥቅሙ የሚነካው እሱ ነውና። ገባና ኮፍያውን አወለቀ። እኔን አላየኝም።

«ያን ቢራ ቀምሼዋለሁ። እኔ ሁለተኛ ነኝ። ያልሠራሁትን አንደኝነት ይዤ ሚልዋኪ ብሄድ ከሌላንድ በምን እለያለሁ?» አላቸው።

ስለዚህ ተወሰነ። ያለፍሽው አንቺ ነሽ። መዝገቡ ላይ «ጉንቮር ብሬከ፣ ቮስ፣ ኖርዌይ» ተብሎ ተጽፏል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ለሻምፒዮናው መጥመቅ ያለብሽም አንቺው ነሽ፤ በገዛ እጅሽ፣ በገዛ ቤትሽ። እኔ ሁለት ዓመት እንዳልወዳደር ተቀጥቻለሁ፤ በየውድድሩ ደግሞ ብርጭቆ አጥባለሁ። ሰሌዳውን ራሴ መሰላል አምጥቼ አወረድኩት። ባለሱቁ መሰላሉን ያዘልኝ።

ዱዌን ለአራት ቀን አላናገረኝም። በአምስተኛው ቀን በሬን አንኳኳና፣ «ብርጭቆ ማጠብ ትችላለህ ግን? እሱንም ሌላ ሰው አጥቦልህ እንዳይሆን» አለኝ። ያ ጥሩምባ ሳቁን ስሰማ እንባዬ መጣ።

እባክሽ እምቢ አትበዪ። ቀኑ ፌብሩዋሪ 26 ነው።

ተሸካሚሽ፣
ሌላንድ


ብሬከ
ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1999

ለሌላንድ፣

ሰላም ይብዛልህ። ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰዋል። መጀመሪያ የመጣው የጃንዋሪ 17ቱ ነው። ሳልጠይቅህ የጻፍከው በመሆኑ በደንብ አነበብኩት። ሌላ ይቅርታ አትጠይቀኝ፤ በቃ።

ጠመቅሁ። የጠመቃውን ቤት በር ከፍቼ፣ በረዶው እየገባብኝ ጠመቅሁ። ሹር እንጨት ይዞ መጣና ደጃፉ ላይ ቆመ።

«በሩን ዝጊው እንጂ፤ ሰው ያያል።»

«ይይ።»

«ለማን ነው?»

«ለአሜሪካ ሻምፒዮና። ያሸነፈው የኔ ነው። ወረቀቱ ላይም ስሜ ነው ያለው።»

እንጨቱን አስቀመጠ። ምንም ሳይናገር ሄደ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ዝምታውን ከእጁ ነጥቀህ የምታስጥለው ዕድሜ አይደለም።

አሁን አንድ የሚያስቅህ ነገር። አዲስ ጠምቀሽ አምጪ ስለተባልኩ ያኛው እንዲደገም አራት ሰዓት ማፍላት ነበረብኝ። ወንበር አወጣሁ፣ ብርድ ልብስ ደረብኩ፣ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ከጭንቀት የተነሳ ዓይኔን ለአንዲት ደቂቃ አልከደንኩም። ስሜን እያሰብኩ አራቱንም ሰዓት ድስቱ ላይ አፍጥጬ ዋልኩ።

የቄሳችን ልጅ ሚኒያፖሊስ ነው የምትማረው፤ ለእረፍት መጥታ በፌብሩዋሪ 20 ወደዚያ ትመለሳለች። አራት ጠርሙስ በሱፍ ካልሲ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ሦስቱ ለዳኞች ነው። አራተኛው ለዱዌን። ላንተ አልላክሁም፤ አንተ ድርሻህን ጠጥተሃል።

እግዜር መንገዱን ያቅናልን።
ጉንቮር


ዌስትቢ
ማርች 15 ቀን 1999

ለተከበርሽው፣ ለስመ ጥሯ ለጉንቮር ብሬከ፣

ሰላምታዬ ከወትሮው ይረዝማል ብዬ ነበር፤ ግን አልችልም፤ ወሬው ያፍነኛል። ስልክሽ ቅዳሜም እሁድም አልተነሳም፤ በጎች ዘንድ ነበርሽ መሰለኝ። ስለዚህ ከዚሁ ስሚው።

ጠርሙሶቹን ሚኒያፖሊስ ድረስ ሄጄ ከቄሱ ልጅ ተቀበልኩ፤ አንድም አልተሰበረም። በቀኑ ደረሱ። ቅዳሜ ዕለት ዱዌን በመኪናው ሚልዋኪ ወሰደኝ። መንገዱን ሙሉ ያንቺን አራተኛ ጠርሙስ እግሩ ሥር አድርጎ፣ «ውጤቱን ሳልሰማ አልከፍተውም» ይል ነበር።

ከየግዛቱ ማጣሪያ ያለፉ ሰዎች አዳራሹን ሞልተውታል። ባንቺ ምድብ አሥራ ስድስት ሆኑ፤ ሁሉም የየአካባቢያቸው አንደኞች ናቸው። እኔ ጓዳ ውስጥ ሽርጥ ታጥቄ ብርጭቆ አጥባለሁ። ዳኞቹ ባንቺ ምድብ ጠረጴዛ ላይ በጣም ቆዩ። ማርዴል ሁለት ጊዜ መጥታ፣ «ያንን ብርጭቆ አምስተኛ ጊዜ እያጠብከው ነው» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ስም መጥራት ተጀመረ። ያንቺ ምድብ ደረሰ። ሦስተኛ አንድ የቴክሳስ ሰው። ከዚያ አስተዋዋቂው ወረቀቱን አየ፣ ጠጋ አድርጎ አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሁለተኛ፣ በአርባ አንድ ነጥብ፣ ጉን... ጋንቨር ብሪኪ፣ ከ...»

«ጉንቮር ብሬከ!» ብዬ ጮህኩ። ከጓዳው በር ላይ፣ ሽርጤ ውኃ እያንጠባጠበ፣ አረፋ እስከ ክርኔ። አዳራሹ ዞሮ አየኝ። አስተዋዋቂው፣ «ጠማቂው እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

«አይደለሁም። እኔ ብርጭቆ አጣቢው ነኝ። ጠማቂዋ ኖርዌይ ናት። ስሟን ግን በትክክል ጥሩት።»

ደግሞ ጠራው፤ በትክክል። ጉንቮር፣ ሦስት መቶ የሚሆን ሰው አጨበጨበልሽ። ዱዌን ወንበር ላይ ወጥቶ ያፏጭ ነበር። እኔ እጆቼ እርጥብ ስለነበሩ ፊቴን መጥረግ አልቻልኩም።

አንደኛ የወጣው የኮሎራዶ ጥርስ ሐኪም ነው፤ ይገባዋልም ይላሉ። ዱዌን ጠርሙሱን መኪናው ኮፈን ላይ ከፈተው። አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። ከዚያ፣ «እኔ እኮ በሁለት ነጥብ ተሸነፍኩ ብዬ ስቆጭ ነበር። አሁን ገባኝ፤ በባሕር ስፋት ነው የተሸነፍኩት» አለ። ለእኔም አቀመሰኝ። ማርዴልም ስታልፍ ቀመሰች።

ወረቀትሽንና ሪባንሽን ልኬያለሁ። የዳኞቹም ቃል አለበት። በኖቬምበር ከማጣሪያው ወዲህ እንቅልፍ የሚባል በቅጡ አላየሁም ነበር፤ ትናንት ግን እሁድ ጠዋት ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ እስከ እራት ተኛሁ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አመለጠኝ።

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው።
ሌላንድ


ብሬከ
ኤፕሪል 6 ቀን 1999

ለወንድሜ ለሌላንድ፣

የትንሣኤው ሰላም ካንተ ጋር ይሁን። ፖስታው የደረሰኝ ስቅለት ዕለት ነው። አልከፈትኩትም። ለፋሲካ ማዕድ የእህቴ ልጆች፣ የሹር ልጆችና የልጅ ልጆቹ ይመጣሉ፤ እነሱ ባሉበት ልከፍተው አስቀመጥኩት። ትዕቢት በል፤ ይሁን።

እሁድ ከምሳ በኋላ የእህቴ ልጅ ጮክ ብሎ አነበበው። ሁሉም እልል አሉ። ከዚያ የሹር ትልቁ ልጅ፣ መቼም ምንም አያውቅም፣ ብርጭቆውን አነሳና፣ «ለአባባም ነው እንጂ! ጠመቃውን ያስተማራት አባባ አይደል?» አለ።

እኔ ሳህን አነሳሁ። ማንሳት ልማዴ ነው። ሹር ግን፣ «አስቀምጪው» አለኝ። ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳ። ጉልበቱ ስለማያስችለው ጊዜ ወሰደበት። ሰው ሁሉ ጸሎት ሊያደርግ መሰለው።

«እኔ መጥመቅ አልችልም» አለ። «ችዬም አላውቅም። በሠርጌ የጠጣችሁት የጉንቮር ነው። በእናታችሁ ቀብር የጠጣችሁትም የጉንቮር ነው። አባቴ ዝም በል አለኝ፤ አባቴ ከሞተ ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የቀረውን ዝምታ የጨመርኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «በፌብሩዋሪ በር ከፍተሽ ሳይሽ ያፈርኩት ሰው ያያል ብዬ አልነበረም። የራሴን ዝምታ ስላየሁት ነው።» ይህን ብሎ ተቀመጠ።

ትንሿ የልጅ ልጁ፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ «ታዲያ አባባ ምን ነበር የሚሠራው?» አለች። ሹርም፣ «እጅህ ይባረክ ሲሉኝ አሜን እል ነበር» አላት። ያን ጊዜ ሁሉም ፈነዱ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳህኑ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ፣ ማንም አላነሳውም። ሌላንድ፣ ሃምሳ ዓመት ያህል ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ያወቅሁት ሲነሳ ነው።

ትናንት ሹር ብቅል እንድሰጠው ጠየቀኝ። ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ብጠይቀው አይነግረኝም። ዛሬ ጠዋት የጠመቃው ቤት ጭስ ይወጣዋል፤ በሩ ክፍት ነው፤ ከውስጥ ስድብ ይሰማኛል። የሚቀጥለው ማጣሪያ መቼ እንደሆነ ጻፍልን ይላል። ከአንድ ቤት ሁለት ሰው በየስሙ መግባት ይፈቀድለት እንደሆነም ማርዴልን ጠይቅልን። «ስሜን ከእሷ ጋር አትጻፉ፤ እኔ በራሴ ስም እሸነፋለሁ» ነው የሚለው።

በናፍቆት፣
ጉንቮር ብሬከ